ኩንታሉ ስንት ኃይል ፈጀ? የኢንዱስትሪ የኃይል ፍጆታ አዝማሚያና መንስኤዎቹ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የሀብሩ ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






በዚህ መድረክ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ገበያና ስለ ብድር ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ የኢንዱስትሪ የኃይል ፍጆታ አዝማሚያና መንስኤዎቹ የሚል ነው። ርእሱ ከማሳ የራቀ፣ የከተማና የፋብሪካ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኔም በእርሻ ዲፕሎማ የተመረቅሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በየቀበሌው ስዘዋወር ደጋግሜ የምሰማቸው ሦስት ጥያቄዎች ወደዚሁ ርእስ ያመራሉ። እነሱም የማስፈጫ ዋጋ ለምን ይጨምራል? የውኃ መሳቢያ ሞተር ናፍጣውን ለምን ይበላዋል? ዩሪያ ለምን ተወደደ? የሚሉ ናቸው። የሦስቱም መልስ የኃይል ዋጋና የኃይል አጠቃቀም ነው።

አራተኛም ምክንያት አለ። በጉባኤያችን ላይ ማሽላና ጤፋችንን፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬያችንን በጥሬው ከመሸጥ አቀነባብረን እንሽጥ የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በማሽኑ ዋጋና በቦታው ላይ ነው። መርሳ ይሁን ወልድያ እንባባላለን። ስለ ኃይሉ ግን "መብራት አለ አይደል!" ተብሎ ይታለፋል። ማሽን አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ኃይል ግን በየቀኑ ይገዛል። ማሽኑን በርካሽ ገዝቶ በየቀኑ በውድ የሚያንቀሳቅስ ማኅበር ለአባላቱ የሚያከፋፍለው ትርፍ አይኖረውም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይበጃል።

የፍጆታ መጨመር ሦስት ምክንያቶች

አንድ የወፍጮ ቤት ሒሳብ ወስደን እንይ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል አስቀምጣቸዋለሁ። ወፍጮው በጥር ወር 300 ኩንታል ፈጭቶ ቆጣሪው 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ እንበል። ለአንድ ኩንታል 5 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በየካቲት 400 ኩንታል ፈጭቶ 2,000 ቆጠረ። የመብራቱ ሒሳብ በሲሶ ጨምሯል፤ ነገር ግን ኩንታሉ አሁንም 5 ነው። እዚህ ላይ የጨመረው ሥራው ነው፤ ሥራ ሲጨምር ገቢም አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ ማዘን አያስፈልግም። በመጋቢት ደግሞ 300 ኩንታል ብቻ ፈጭቶ 1,800 ቆጠረ። ኩንታሉ 6 ሆነ ማለት ነው። ይህ በሽታ ነው። ድንጋዩ ሳይወቀር ቆይቷል፣ ወይም ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል።

ወፍጮው ምንም ሳይበላሽም ኩንታሉ ከ5 ወደ 6 ሊወጣ ይችላል። የሰው ፍላጎት ተለውጦ እንደሆነ፣ ማለትም ቀደም ሲል ብቅልና ክክ የሚያስፈጨው ሕዝብ አሁን በብዛት የላመ የጤፍ ዱቄት የሚፈልግ ከሆነ፣ እህሉ በላመ ቁጥር የሚፈልገው ጉልበት ይበዛል።

እንግዲህ ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፤ የሥራው መጠን፣ የሥራው ዓይነትና የመሣሪያው ብቃት። የአንድን ሀገር የኢንዱስትሪ ፍጆታ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ለውጡን የሚከፋፍሉት በእነዚሁ በሦስቱ ነው። ፋብሪካዎች ብዙ ስላመረቱ ነው? ኃይል የሚበሉ ዘርፎች ስለበዙ ነው? ወይስ ለአንድ ኩንታል ምርት የሚፈጀው ኃይል ስለተለወጠ ነው? ብለው ይጠይቃሉ። በአንድ የቀበሌ ወፍጮ ላይ የሚሠራው ስሌት በትልቅ ፋብሪካ ላይም ይሠራል።

በዓለም ደረጃ ተጠቃሚው ዘንድ ከሚደርሰው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው ኢንዱስትሪ ነው። ከሁሉ በላይ የሚበሉትም ብረት፣ ኬሚካልና ሲሚንቶ ናቸው። ቻይና ብቻዋን በዓለም ከሚመረተው ሲሚንቶና ብረት ግማሽ ያህሉን ታመርታለች። ሌሎች ሀገሮች ብረታቸውን ከውጭ እየገዙ የፋብሪካ ፍጆታችን ቀነሰ ሲሉ ኃይሉ ቦታ ቀየረ እንጂ ሁልጊዜ ተቆጠበ ማለት አይደለም። የሥራው ዓይነት የሚባለው ምክንያት ይህ ነው።

የመሣሪያ ብቃትን በተመለከተ የሚጠቀሰው የጃፓን ታሪክ ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆነ። በእኛ ሀገር የቤንዚን ዋጋ ጭማሪው በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን ሥራ ካስቆሙት ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ ያ ወር ምን እንዳስከተለ አባቶች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ነዳጅ የሌላት ጃፓን ግን ፋብሪካዎቿን መፈተሽ ያዘች፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የኃይል ቁጠባ ሕግ አወጣች። ምርቷን ሳትቀንስ ለእያንዳንዱ ምርት የምትፈጀውን ኃይል ቀነሰች። ዋጋ ሲወጣ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ማሽኑን ይፈትሻል።

የሀገራችን ጉዞ

በሀገራችን ከጠቅላላው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዛሬም በየቤቱ ምድጃ የሚነድ እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። የኢንዱስትሪው ድርሻ ገና ትንሽ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክና ፋብሪካ አብረው ሲያድጉ ቆይተዋል።

በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጉልበቱ 43 ሜጋዋት ነበር። በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ኃይል መስጠት ሲጀምር የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከዚያ ተጠቃሚ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ አንድ በ184 ሜጋዋት፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከዜ በ300፣ ጊቤ ሁለት በ420፣ በለስ በ460 ሜጋዋት ተከታትለው ተመረቁ። በ2009 ዓ.ም. ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት ይዞ መጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና እያንዳንዳችን ቦንድ የገዛንለት የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ጉልበቱ 5,150 ሜጋዋት ነው። ሕዳሴ ብቻውን የቆቃን ወደ 120 እጥፍ ይሆናል።

በተጠቃሚውም በኩል ለውጡ ትልቅ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልድያና ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ታስቦ የተገነባ ነው፤ ጦርነቱ ጉዳት አደረሰበት እንጂ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኮምፒዩተር ደርድረው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ድርጅቶች ብዙ ኃይል በውጭ ምንዛሪ መግዛት ጀምረዋል። ስለዚህ የሚመነጨው ኃይል ሲበዛ ወረፋ የሚይዘውም ይበዛል። "ግድቡ አልቋልና መብራት ሞልቶ ይፈስሳል" ብሎ መተማመን አያዋጣም።

በተጨማሪም የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከውኃ ነው። ይህ ጭስ የሌለው፣ ነዳጅ ከውጭ የማያስገዛ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲያጥር መብራት ያጥራል። በ2001 ዓ.ም. ፋብሪካዎች በፈረቃ እንዲሠሩ የተገደዱት በዚህ የተነሣ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም.ም የጊቤ ሦስት ውኃ በመቀነሱ መላ ሀገሪቱ በፈረቃ ተዳረሰች። እኛ ገበሬዎች ዝናብ ሲቀር አንድ ጊዜ በማሳችን፣ ሁለተኛ ጊዜ በወፍጯችን እንጎዳለን ማለት ነው።

ፋብሪካ የሚበላው መብራት ብቻ አይደለም

ስለ ፋብሪካ ኃይል ሲነሣ ብዙዎቻችን መብራትን ብቻ እናስባለን። ሲሚንቶን እንውሰድ። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ለመሥራት ድንጋዩን ለመፍጨትና ማሽኖቹን ለማዞር 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይበቃል፤ ከላይ ካነሣሁት አንድ ኩንታል እህል መፍጫ ጋር የሚተካከል ነው። ዋናው ፍጆታ ግን ሙቀቱ ነው። የኖራ ድንጋዩና ሸክላ አፈሩ በምድጃው ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ መጋል አለበት። ለዚህ ቀድሞ ከውጭ የሚገባ ጥቁር ነዳጅ ይነድድ ነበር፤ እሱ ሲወደድ ፋብሪካዎቻችን ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የድንጋይ ከሰሉም በብዛት ከውጭ ይመጣ ስለነበረ የውጭ ምንዛሪ ባጠረ ቁጥር ሲሚንቶ ያጥር ነበር። የሀገር ውስጥ ከሰል እንዲተካ ጥረት እየተደረገ ያለው ለዚህ ነው። በክልላችን ለሚ ላይ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካም ብዙ ሙቀት ከሚፈልጉት አንዱ ነው።

አሮጌው የምድጃ ዓይነት ጭቃውን በውኃ በጥብጦ የሚያቃጥል ስለነበረ ውኃውን ለማድረቅ ብቻ ብዙ ነዳጅ ይባክን ነበር። አዲሱ ዓይነት በደረቁ ስለሚሠራ ነዳጁ በእጅጉ ይቀንሳል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ እርጥብ እንጨት የሚያነድዱ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ይህ ለእኛም ይሠራል። ነገ ፍራፍሬ ወይም ቲማቲም የሚያደርቅ፣ ጭማቂ የሚያፈላ ማቀነባበሪያ ብናቋቁም ዋናው ወጪያችን ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱን ከእንጨት እናምጣ ካልን በአሥር ዓመት የተከልነውን ጋራ በሁለት ዓመት እንጨርሰዋለን። ፀሐይ በሞላበት በሀብሩ ቆላ ግን መጀመሪያ በፀሐይ አድርቆ የቀረውን ብቻ በሌላ ኃይል መጨረስ ይቻላል።

የስኳር ፋብሪካዎች የሚሠሩትም ለእኛ ትምህርት ነው። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረውን ገለባ አንድደው እንፋሎት ያመርታሉ፤ በእንፋሎቱም መብራት ያመነጫሉ። ተረፈ ምርትን ቆሻሻ ብሎ የጣለ ፋብሪካ ነዳጁን ጣለ ማለት ነው።

ዩሪያ ምንድን ነው?

አባቶቼ፣ ዩሪያን የምናውቀው ነጭ ፍሬ ሆኖ በከረጢት ነው። ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ የሚገኘው ከአየር ነው፤ አየር ደግሞ በነጻ ነው። ታዲያ ለምን ይወደዳል? አየሩን ወደ ማዳበሪያ ለመለወጥ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፣ በተጨማሪም ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣ ሃይድሮጂን ስለሚያስፈልግ ነው። በአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ የገባው ኃይል 30 ሊትር ያህል ናፍጣ ሲነድድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ዩሪያ በከረጢት የታሰረ ጋዝ ነው ቢባል ስሕተት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የጋዝ ዋጋ በዓለም ላይ ሲያሻቅብ፣ የዩክሬንም ጦርነት ሲጨመርበት፣ የዩሪያ ዋጋ አብሮ ወጣ። በአውሮፓ አንዳንድ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች በጋዝ ውድነት ምክንያት ሥራ አቁመው ነበር። የመርሳ ገበሬ ጋዝ አይቶ ባያውቅም የጋዙን ዕዳ ከፍሏል። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጎዴ የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት የዩሪያ ፋብሪካ ተስፋ የተጣለበት የሀገራችን የኦጋዴን ጋዝ ጥሬ ዕቃውም ኃይሉም ስለሚሆን ነው።

እስከዚያው ድረስ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ዩሪያን ከፋፍላችሁ ስጡ፣ አፈር አልብሱት፣ ኮምፖስት ጨምሩ የምንለው ለሰብሉ ብቻ ብለን አይደለም። በፀሐይ ላይ ተበትኖ ወደ አየር የሚመለስ ዩሪያ የተቃጠለ ነዳጅ ነው።

ዋጋውና አስተማማኝነቱ

ሥራው፣ ዓይነቱና ብቃቱ እንዳሉ ሆነው፣ የትኛውን ኃይል እንደምንጠቀም የሚወስኑ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ዋጋ፣ ሌላው አስተማማኝነት ነው።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ታሪፍ ሥራ ላይ ዋለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ በየጊዜው የሚያድግ ሌላ ማስተካከያ ተደርጓል። የነዳጅ ድጎማም ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተነሣ የናፍጣ ዋጋ ብዙ ጊዜ ተከልሷል። ይህ ሁሉ የሚነግረን በርካሽ ኃይል ላይ የተመሠረተ የፋብሪካ ዕቅድ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ነው።

አስተማማኝነትን በተመለከተ ኃይል ሦስት ቦታ ላይ ሊሰናከል ይችላል። በማመንጫው፣ በትልቁ ማስተላለፊያ መስመርና በየሰፈሩ ባለው ማከፋፈያ ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ የማመንጨቱና የማስተላለፉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማከፋፈሉና የመሸጡ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። በእኛ አካባቢ ወፍጮ የሚያቆመው በአብዛኛው ሦስተኛው፣ ማለትም የተጫነበት ትራንስፎርመርና ያረጀ መስመር ነው። ግድቡ ሞልቶ ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ለወፍጮ ቤቱ ግድቡ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ኃይል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢያችን የጦርነት ቀጣና በሆነበት ጊዜ ወልድያም መርሳም ለወራት ያለ መብራት ቆዩ። እናቶቻችን ወደ እጅ ወፍጮ ተመለሱ። አንድ ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት 75 ዋት ያህል ነው፤ በስምንት ሰዓት ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። አንድ ኩንታል ለመፍጨት ሞተሩ የሚበላውን 5 ኪሎዋት ሰዓት በክንድ ልተካ የምትል እናት ከስምንት ቀን በላይ መሥራት አለባት። ስለ ኃይል ስናወራ የምናወራው ስለ እነሱ ወገብ ነው። በዚያ ጦርነት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ተጎድተዋል። ኃይልና ፋብሪካ ሰላም ከሌለ ዋስትና የላቸውም።

ናፍጣ ወይስ መብራት?

ይህን ጥያቄ ብዙ ማኅበራት ያነሣሉ። ዋጋው ይለዋወጣል፤ ስሌቱ ግን አይለዋወጥምና ስሌቱን ያዙልኝ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድድ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ትንሽ የናፍጣ ሞተር ግን ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሦስት እጁን ቢሆን ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫውና በሙቀት ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተቀበለው ውስጥ ከመቶ 85ቱን ያህል ወደ ሥራ ይለውጣል። ስለዚህ በደምሳሳው አንድ ሊትር ናፍጣ የሚሠራውን ሥራ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይሠራዋል። የአንድ ሊትር ናፍጣን ዋጋ ከሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጋር አነጻጽሩ፤ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ የናፍጣው ማጓጓዣ፣ ዘይትና ፊልትሮ አለ። በመብራቱ በኩል ደግሞ የትራንስፎርመርና የመስመር ዝርጋታ ወጪ አለ። ሁለቱም ይቆጠሩ።

ስለ ውኃ ደግሞ እንይ። በ1990ዎቹ የተጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን በፓምፕ ማውጣትን በአካባቢያችን አስፋፍቷል። ውኃ በስበት ከወንዝ ሲጠለፍ ኃይል አይጠይቅም። ከጉድጓድ ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ሜትር ዋጋ አለው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም አምስት በርሜል፣ ከ50 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ፓምፑና ሞተሩ ግማሹን ያባክናሉ ብለን ስንቆጥር 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሄክታር ሽንኩርት አንድ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ እናጠጣ ብንል 500 ሜትር ኩብ ነው፤ 135 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። ከውኃው ግማሹ በቦይ ላይ ሠርጎ ከቀረ የመብራቱም ግማሽ አብሮ ሠርጓል። ቦይ ማጽዳትና መለሰን እንግዲህ የኃይል ቁጠባ ሥራ ነው።

የፀሐይ ፓምፕም ከአሥርና አሥራ አምስት ዓመት በፊት እንደነበረው አይደለም፤ የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ በዓለም ላይ በእጅጉ ወርዷል። ለመስኖ የሚመችበት ምክንያት ውኃው ቀን ወጥቶ በማጠራቀሚያ ሊቀመጥ ስለሚችል ነው፤ ብዙ ባትሪ አያስፈልግም። ለወፍጮና ለማቀነባበሪያ ግን ከባድ ሞተር ስለሆነ ወጪው ሌላ ነው፤ በጥናት ካልሆነ አይገባበትም።

ምን እናድርግ?

በእኔ እምነት ገንዘብ የማይጠይቁና ጥቂት የሚጠይቁ ስድስት ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ መዝገብ እንያዝ። እያንዳንዱ የማኅበር ወፍጮ ቤት በየቀኑ ማታ ቆጣሪውን ያንብብ፣ የተፈጨውን ኩንታል ይጻፍ፣ በወሩ መጨረሻ ያካፍል። የናፍጣ ወፍጮ ከሆነ በኪሎዋት ሰዓት ፈንታ ሊትር ይጻፍ። ይህ አንድ ቁጥር፣ ማለትም ኩንታሉ ስንት ፈጀ የሚለው፣ ለቁጥጥር ኮሚቴውም ይጠቅማል። ኩንታሉ በድንገት ከዘለለ ወይ ማሽኑ ታሟል፣ ወይ የተፈጨው እህል በሙሉ አልተመዘገበም።

ሁለተኛ፣ ጥገናን በቀጠሮ እናድርግ። ድንጋይ የሚወቀርበት፣ ቺንጋ የሚጠብቅበት፣ ግራሶ የሚገባበት ቀን ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ማሽን ቆሞ ከሚጠገን ሳይቆም ቢጠገን ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ልኩን ሞተር እንግዛ። "ለማንኛውም ይሁን" ብሎ ከሥራው እጥፍ የሆነ ሞተር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ትልቅ ሞተር በትንሽ ሥራ ሲዞር ብቃቱ ይወርዳል፤ ትራንስፎርመሩንም ይጭናል።

አራተኛ፣ ሰዓት እንምረጥ። መብራት ከሁሉ በላይ የሚጨናነቀው ቤተሰብ ሁሉ ምድጃና አምፖል በሚያበራበት አመሻሽ ነው። በዚያ ሰዓት ኃይሉ ሲደክም ሞተር ይግላል፣ ይቃጠላል። ከባድ ሥራ ቀን ይሠራ፤ የአንድ ቀበሌ ወፍጮና ፓምፕ በፈረቃ ይግባቡ።

አምስተኛ፣ ማቀነባበሪያ ስናቅድ የኃይል ምዕራፍ ይኑረው። የአዋጭነት ጥናት የሚያቀርብልን ባለሙያ ለአንድ ኩንታል ምርት ስንት መብራትና ስንት ሙቀት ያስፈልጋል? ትራንስፎርመሩን ማን ይተክላል? ለፋብሪካ ደንበኛ ክፍያው እንዴት ይሰላል? መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ቢጠፋ ሒሳቡ ይቆማል ወይ? የሚሉትን እንዲመልስ እንጠይቅ። ታሪፉ በግማሽ ቢጨምር የማያዋጣ ዕቅድ ዛሬም በጠባብ ሚዛን ላይ የቆመ ነው።

ስድስተኛ፣ በዩኒየን ደረጃ በጋራ እንሥራ። አንድ ወፍጮ ቤት ብቻውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ መቅጠር አይችልም። ሃያ ወፍጮ ቤት ግን አንድ ባለሙያ በጋራ ሊይዝ፣ ድንጋይና ኩሽኔታ በጅምላ ሊገዛ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ተደራጅተን፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተጠናክረን ዩኒየን የሆንነው ብቻችንን የማንችለውን በአንድነት ለመቻል አይደል?

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የወረዳ ዕቅድ ሲዘጋጅ የወፍጮ፣ የመስኖና የማቀነባበሪያ የኃይል ፍላጎት ከየቀበሌው ተሰብስቦ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በአንድነት ይቅረብ። እያንዳንዱ ማኅበር ለየብቻው ደብዳቤ ይዞ ከሚመላለስ የሀብሩ ፍላጎት ይህን ያህል ነው ተብሎ በቁጥር ቢቀርብ ለሚመድበውም አካል ይቀላል። ማኅበራቱ መዝገብ ከያዙ ቁጥሩ ከእነሱ ይገኛል።

ስጠቀልለው፣ የኢንዱስትሪ የኃይል ፍጆታ በሀገራችን ገና ያድጋል፤ ማደጉም መልካም ነው፤ ምርት መጨመሩን ያሳያልና። ክፉው ነገር ምርቱ ባለበት ቆሞ ፍጆታው ሲያድግ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የሦስት ወር መዝገቡን ይዞ ቢመጣና ጎን ለጎን ብናስተያየው፣ ስለ ማቀነባበሪያው የምንወስነው በግምት ሳይሆን በራሳችን ቁጥር ይሆናል። መዝገቡን እንዴት እንደምትይዙ ማየት ለምትፈልጉ ሁሉ የየቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አለን።